የአቶ ደበሌ መጸዳጃ ቤት ግንባታና ምርቃት

አቶ ደበሌ ቤታቸውን ማደስ የጀመሩት በጸሎት፣ በመዝሙርና በንግግር ነው። ጸሎቱ አጭር፣ መዝሙሩ መካከለኛ፣ ንግግሩ ግን ረጅም ነበር። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ስሙ ባይጠቀስ በማይከፋው አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ሂደት አስተባባሪ የሆኑት እኚህ ሰው፣ ባለቤታቸውን ሣራን፣ ልጃቸውን ሀሌሉያንና ከአጥር ማዶ አንገቷን ያሰገገችውን ጎረቤታቸውን ቀመሪያን «ክቡራን ባለድርሻ አካላት» ብለው ከጠሩ በኋላ፣ ጓሮ ያለው ነባሩ መጸዳጃ ቤት ፈርሶ በዘመናዊ እንደሚተካ አበሰሩ።

ስለ ነባሩ መጸዳጃ ቤት እውነቱን መመስከር ይገባል። በሩ ይዘጋ ነበር። ጣሪያው አያፈስም ነበር። ለዓመታት ሲያገለግል ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። ጥፋቱም ይኸው ነው፤ ችግር የሌለበት ነገር ሪፖርት አይወጣውም። በዚያ ላይ አቶ ደበሌ አንድ ባልደረባቸው ቤት ለምሳ ተጋብዘው፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ሴራሚክ የለበሰ፣ ሰው ሲገባ መብራቱ በራሱ የሚበራ መጸዳጃ ቤት አይተው ተመልሰዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ በገዛ ጓሯቸው በተቀመጡ ቁጥር ዘመን ጥሏቸው የሄደ ይመስላቸው ጀመር።

«ማፍረሱን ለመጨረሻ ብናቆየውስ?» አለች ሣራ። «አዲሱ ሲያልቅ አሮጌውን እናፈርሰዋለን።»

«ሣራ፣ አሮጌ አስተሳሰብ ሳይፈርስ አዲስ አይገነባም።»

«እኔ አስተሳሰብ መቼ አልኩ? ሽንት ቤት ነው ያልኩት።»

አቶ ደበሌ እንደ ታጋሽ አመራር ፈገግ አሉ። መዶሻውን አነሱና የመጀመሪያውን ምት በገዛ እጃቸው አሳረፉ። ሀሌሉያ በስልኳ ቀረጸቻቸው። ግድግዳው እንደ ብስኩት ረገፈ። ባለድርሻ አካላት አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያበቃም ከባለድርሻ አካላት አንዷ፣ ማለትም ሣራ፣ ሽንት ቤት መሄድ ፈለገች።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤተሰቡ ወደ ቀመሪያ ግቢ መመላለስ ሆነ ሥራው። ቀመሪያ የሲሚንቶና የሴራሚክ ጅምላ ነጋዴው የአብዱልመጂድ ሚስት ናት። ደግ ሴት ስለሆነች የመጸዳጃ ቤቷን ቁልፍ አጥሩ ላይ በምስማር ሰቀለችላቸው። አቶ ደበሌ ግን ውለታን በዘፈቀደ መጠቀም አይወዱም። መርሐ ግብር ይውጣለት አሉ። ጠዋት እሳቸው፣ ረፋድ ላይ ሣራ፣ ከሰዓት በኋላ ሀሌሉያ።

«ወላሂ አቶ ደበሌ፣» አለች ቀመሪያ፣ «ሆድ መርሐ ግብር ያውቃል እንዴ?»

«ክትትል ከተደረገለት ያውቃል።»

ሥራውን የያዘው ወንደሰን የሚባል ግንበኛ ነበር፤ እሱ ራሱን «ኢንጂነር» ይላል። እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ ያ እጅ የሚገኘው ወንደሰን ባለበት ብቻ መሆኑ ነው፤ ወንደሰን ደግሞ የለም። በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ጉድጓዱን ለካ። በማግስቱ ጨንቻ ያለች አክስቱ አረፈች። የእሷ ሐዘን ሳይወጣ ሌላዋ አክስቱ ተከተለች። ቀጥሎ ሌላ አክስት፣ ከዚያም የአክስቲቱ ባል። በዚያ ሰሞን በጋሞ ደጋ ላይ የወረደው የአክስት እልቂት ለብቻው ጥናት ይፈልግ ነበር። አቶ ደበሌ በየጊዜው የሐዘን መግለጫ በስልክ ይልካሉ፤ «ማኅበራዊ ኃላፊነቱን የሚወጣ ባለሙያ ነው» ብለውም ያመሰግኑታል።

ቤቱ በዚህ መካከል ታደሰ፤ ማለትም ተተራመሰ። ሲሚንቶው ዝናብ እንዳይመታው ሳሎን ገባ። ሴራሚኩ እንዳይሰረቅ መኝታ ቤት ገባ። ሶፋው ቦታ አጣና ወጥቶ ዝናብ መታው። አቶ ደበሌ ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡን በሲሚንቶ ጆንያዎች ላይ አስቀምጠው ግምገማ አካሄዱ።

«የፊዚካል ሥራው ዜሮ ቢሆንም፣» አሉ፣ «የግንዛቤ ፈጠራው መቶ በመቶ ተጠናቋል።»

«አባዬ፣ ምን ግንዛቤ ነው የተፈጠረው?» አለች ሀሌሉያ።

«መጸዳጃ ቤት እንደሚያስፈልገን ሁላችንም ተገንዝበናል።»

ይህን መካድ አይቻልም ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በሳሙና ነው። ሣራ ከጓሮ በተጋረደ ሸራ ውስጥ በባልዲ ስትታጠብ አንዲት ጦጣ ከአጥሩ ወርዳ ሳሙናዋን ነጥቃ ማንጎው ዛፍ ላይ ወጣች። እዚያ ቁጭ ብላ ሳሙናውን አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደችና መልሳ ወረወረችው። ሳሙናው ባልዲው ውስጥ አላረፈም። ውሃ እንድትቆጥብ ሊያስታውሷት ከሸራው ወዲያ የቆሙት የአቶ ደበሌ ግንባር ላይ አረፈ። ሣራ ራሷ አረፋ እንደሆነ ከሸራው አንገቷን አወጣች።

«ደበሌ፣ ስማኝ። የሳምንቱን መጨረሻ ውሃ ካለበት፣ በር ካለበት፣ ጦጣ ከሌለበት ቦታ ካልወሰድከኝ፣ ከቀመሪያ ሽንት ቤት አልወጣም። እዚያው እኖራለሁ።»

እንዳጋጣሚ ሆኖ በዚያ ሳምንት ከከተማው በስተ ሰሜን፣ ጫኖ ሜዳ ላይ፣ የሞተር ብስክሌት ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ስፖንሰሩ አብዱልመጂድ ሲሆን አቶ ደበሌን ከነቤተሰባቸው ጋብዟቸዋል። በአጠገቡም የአባያን ሐይቅ የሚያይ ሆቴል አለ። አቶ ደበሌ ለመዝናናት ብለው ከቤት የሚወጡ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ጉዞውን «በግንባታ ዘርፍ የሚደረግ የልምድ ልውውጥ» ብለው ሰየሙትና ተነሡ።

ባጃጁ የሙዝ ማሳዎቹን እየሰነጠቀ ሲሄድ፣ ከላይ የኦቾሎ ሸንተረር ብቅ አለ። ሣራ አንገቷን አውጥታ ዓይኗን ከዚያ አልነቅል አለች። ከማግባቷ በፊት የጤና ባለሙያ ሆና በመሥሪያ ቤት ሞተር፣ የክትባት ሣጥን ከኋላ አስራ፣ ያንን ተራራ ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ሴት ናት። ዝናብ ሳይል፣ ጭቃ ሳይል። አቶ ደበሌ ሲያገቧት ግን ሞተር ለባለትዳር ሴት አይመጥንም ብለው፣ ሰው ለምነው፣ ወደ ቢሮ አስቀየሯት።

«አየሽ ከምን እንዳወጣሁሽ?» አሉ ተራራውን እያሳዩ።

የሣራ ቀኝ እጅ ግን ጉልበቷ ላይ ሆኖ ለሞተር ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው ቀስ እያለ ይጠመዘዝ ነበር።

ሆቴሉ እንደ ደረሱ እንግዳ ተቀባይዋ በትሕትና ተቀበለቻቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ለጊዜው እድሳት ላይ ነን።»

«ሻወሩስ?» አለች ሣራ።

«በጣም ዘመናዊ ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«ውሃው ሲመጣ። በሩም ከሐዋሳ እየመጣ ነው። ለጊዜው ሸራ አድርገናል።»

አቶ ደበሌ ፊታቸው በራ። ሸራውን ዳሰሱት፤ ከቤታቸው ሸራ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። «ይኸውልሽ፣» አሉ፣ «እኛ ብቻ አይደለንም። ሁሉም ጋ ለውጥ አለ።» ሣራ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ጣለችና ወደ ሜዳው ቀድማቸው ወጣች።

ጫኖ ሜዳ በሰው ተሞልቷል። መሮጫው በሙዝ ግንድና በአሮጌ ጎማ ታጥሯል፤ የአባያ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ከሰው ጥርስ ላይ ያደርሳል። ድንኳን ውስጥ፣ በሽልማትነት የቀረበ አንድ ነገር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ተወዳዳሪዎቹ ሞተራቸውን እያስጓሩ መነሻው ላይ ተደርድረዋል። ዳኛው ነጭ ባንዲራ ሲውለበለብ መነሣት እንደሚቻል ነግሯቸዋል። የክብር እንግዳው ግን ስብሰባ ላይ ቀሩ። አብዱልመጂድ ዙሪያውን ቢያይ ሱፍና ከረባት ያደረገ ሰው አንድ ብቻ አገኘ።

«አቶ ደበሌ፣ ሁለት ቃል ይበሉልን።»

አቶ ደበሌን ሁለት ቃል ይበሉ ማለት ዝናብን ሁለት ጠብታ ጣል እንደ ማለት ነው። ማይኩን ያዙ። «የሞተር ስፖርት ለዘላቂ ልማት ያለውን ፋይዳ ከማየታችን በፊት» አሉ፣ «ሞተር ምንድን ነው? ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።»

እሳቸው ሞተርን ሲተነትኑ፣ ሣራ ገመዱን ተደግፋ ተወዳዳሪዎቹን ታይ ነበር። ከመካከላቸው የአንዱ ሱሪ ዓይኗን ያዘው። ጉልበቱ ላይ የሲሚንቶ ቡኬት ደርቆበታል፤ ቀኝ እግሩ ላይም ሰማያዊ የቀለም ነጠብጣብ አለ። ያንን ሰማያዊ ሣራ ታውቀዋለች። ለመጸዳጃ ቤታቸው በር መርጣ፣ ቀለሙን ለወንደሰን በእጁ የሰጠችው እሷ ናት። ስልኳን አወጣችና ደወለች።

የባለሱሪው ኪስ ጮኸ። ሰውየው ስልኩን በሄልሜቱ ሥር አሾለከ።

«አሎ፣ እትዬ ሣራ፣» አለ ወንደሰን፣ ድምፁን አሳዝኖ። «ጨንቻ ነኝ። አክስቴ…»

«ይቺ ስንተኛዋ ናት?»

«ታናሽየዋ።»

«ነፍስ ይማር። ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ሙሾ ነው።»

«ሞተር ሞተር ይላል።»

«የደጋ ሙሾ እንዲህ ነው፣ እትዬ።»

«ወንደሰን፣ እስቲ ወደ ግራህ ዞር በል።»

ወንደሰን ዞረ። ሣራ ከገመዱ ወዲህ ሆና በስልኳ ሰላምታ ሰጠችው። ወንደሰን ብዙ አክስቶች ቀብሯል፤ እንዲህ የደነገጠበት ቀብር ግን አልነበረም።

በዚያችው ቅጽበት አቶ ደበሌ መድረክ ላይ «በመጨረሻም፣ ወደ መጨረሻው ከመሄዴ በፊት» ብለው፣ ላባቸውን ሊጠርጉ ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ መዘዙ። ተወዳዳሪዎቹ ባንዲራ አየን ብለው ተፈተለኩ። ከሁሉም ፊት ወንደሰን ነበር። የሌሎቹ ፍላጎት ዋንጫ ነው፤ የእሱ ግን ነፍሱን ማትረፍ ነው።

«ያዙልኝ!» አለች ሣራ። ማንም አልያዘላትም። አጠገቧ የዳኞቹ ሞተር ቁልፉ ተሰክቶ ቆሟል። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጠረች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ የሞተሩን ማስነሻ አንድ ጊዜ ረገጠች። ሞተሩ አጓራ። ሀሌሉያ «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ ከድንጋጤ ይሁን ከደስታ አልታወቀም።

አቶ ደበሌ በአቧራው ውስጥ ንግግራቸውን ቀጥለዋል። አቧራው ገለል ሲል አንዲት ሴት ነጠላዋን እንደ ጅራት እያውለበለበች ከፊታቸው ስታልፍ አዩ። «ሴቶችን ማብቃት ስንል፣» አሉ እያመለከቱ፣ «እንደዚች እኅታችን…» ማን እንደሆነች የገባቸው ቀጣዩን ቃል ሲጀምሩ ነው። ማይኩ ክፍት ስለነበር ጫኖ በሙሉ «ወይኔ ሚስቴ!» ሲሉ ሰማቸው።

ሣራ ግን አሁን ባል የላትም፣ ቢሮ የላትም፣ ሽንት ቤት የላትም። ከፊቷ ወንደሰን፣ ከኋላዋ አቧራ፣ ፊቷ ላይ የአባያ ነፋስ ብቻ ነበር። በኦቾሎ ጭቃ የተማረችው ሁሉ በአንዴ ተመለሰላት። ኩርባው ላይ ተጋደመች፣ ጉብታው ላይ ዘለለች። ሕዝቡ «ሣራ! ሣራ!» ማለት ጀመረ፤ ስሟን ያስተማረችው ሀሌሉያ ናት፣ ጎማ ላይ ቆማ። በመጨረሻው ዙር ከወንደሰን ጎን ደረሰች።

«በሬን መቼ ነው የምትሰቅለው?» ብላ ጮኸች።

«ሰኞ!»

«የቱ ሰኞ?»

«የሚመጣው! በእናቴ ይዤሻለሁ!»

«አክስትህስ?»

«አክስት የለኝም!»

ይህን ሲናዘዝ እጁ ላላ፤ ሣራም ቀደመችው። መጨረሻውን ከሁሉም በፊት አለፈች፤ ፍሬኑ ስላልያዘላት ድንኳኑን ግማሽ ዞራ፣ አንድ የሙዝ ግንድ ላይ ተደግፋ ቆመች። እየሳቀች ነበር። አቶ ደበሌ ሚስታቸው እንዲያ ስትስቅ ያዩት ከሠርጋቸው በፊት ነው።

የዳኞች ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበበ። ተወዳዳሪዋ አልተመዘገበችም፤ ሞተሩም የራሷ አይደለም፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ ሰው አያሸንፍም የሚል ደንብ ስላልተጻፈ፣ አሸንፋለች። አብዱልመጂድ ነጩን ጨርቅ ገፈፈ። ነጋዴ የሚሸልመው ያለውን ነው፤ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ነጭ የሽንት ቤት መቀመጫ ከነክዳኑ ወጣ። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው መድረኩ ላይ አወጡት። ሣራ መድረኩ ላይ ሌላ ወንበር ስለሌለ፣ ክዳኑን ዘግታ ቁጭ አለችበት። ጫኖ በጩኸት ተናጠ። አቶ ደበሌ ማይኩን ተቀብለው፣ የተገኘው ድል የአመራሩ የቅርብ ድጋፍና ክትትል ውጤት መሆኑን ገለጹ።

ሰኞ ዕለት ወንደሰን መጣ። ማክሰኞም መጣ። በጋሞ ደጋ ላይ ሞት ቆመ። ግድግዳው ተነሣ፣ ሴራሚኩ ተለጠፈ፣ መቀመጫው ተተከለ፣ ሰማያዊው በር ተሰቀለ፤ መብራቱም ሰው ሲገባ በራሱ ይበራ ጀመር። ሣራ በበኩሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫኖ እየወረደች መለማመድ ጀመረች። አቶ ደበሌ አልተቃወሙም። ከተማው ሁሉ «የሣራ ባል» እያለ ሰላም ይላቸው ስለነበር የሚቃወሙበት ሥልጣን ከእጃቸው ወጥቷል።

እና ቤተሰቡ በአዲሱ መጸዳጃ ቤት ተጠቀመ? አልተጠቀመም። አቶ ደበሌ በሩን ቆልፈው፣ በሩ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩ። የውሃውን ቧንቧም ዘጉት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ሣራ።

«አልተመረቀም እኮ።»

የሚመርቁት ኃላፊ ተጋብዘዋል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ስብሰባ ገጠማቸው፣ በሁለተኛው ሥልጠና፣ በሦስተኛው ስለ ሥልጠናው ስብሰባ። አቶ ደበሌ የምርቃት ንግግራቸውን በጥሩ ወረቀት ላይ አሳትመው፣ ኃላፊው ድንገት ቢመጡ ብለው በኮታቸው ኪስ ይዘውት ይዞራሉ። ቤተሰቡ እንደ ድሮው ወደ ቀመሪያ ይመላለሳል። በተመላለሰ ቁጥርም በሚያብለጨልጨው በር ፊት ያልፋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ደበሌ ከባልደረቦቻቸው ጋር የዓሣ ኮተሌት በሚፋጅ የቃሪያ ዳጣ በሉ። ዳጣው ዛሬ ለየት ይላል ብለው ጨምረውም በሉ። በእርግጥም ይለይ ነበር፤ ሲቀላ አስፋልት ላይ ሳሉ ሆዳቸው ውስጥ ጉባኤ ተከፈተ። ባጃጅ አስቆሙ፤ ባጃጁ የዘለለው እያንዳንዱ ጉብታ የሞት ያህል ሆነባቸው። ግቢያቸው ሲደርሱ ሮጡ፤ የገዛ ራሳቸውን በር አልፈው፣ ሪባኑን በአክብሮት ዞረው፣ ወደ ቀመሪያ ግቢ።

እዚያ ሰው ተሰብስቧል። ሣራና ሀሌሉያም አሉ። የቀመሪያ መጸዳጃ ቤት በነበረበት ቦታ የፍርስራሽ ክምር ነበር። አብዱልመጂድ መዶሻ ይዞ አቧራውን እያራገፈ፣ «ክቡራን ባለድርሻ አካላት» ይላል።

«አብዱልመጂድ! ምን አደረግህ?» አሉ አቶ ደበሌ፣ እግራቸውን አጣብቀው።

«የእርስዎን አይተን ነው፣» አለች ቀመሪያ ራሷን እየነቀነቀች። «እሱም ዘመናዊ አማረው። እስኪያልቅ እንግዲህ የእናንተን እንጠቀማለን፣ ኢንሻአላህ።»

አቶ ደበሌ ዞረው ሮጡ። የተሰበሰበው ሰው፣ ሰው ሲሮጥ አይቶ አይቀርምና፣ ተከትሎ ሮጠ። በሩ ላይ ሲደርሱ መቀሱን ሊፈልጉ አንድ አፍታ አመነቱ፤ ከዚያ የክብር እንግዳ የሚቆርጠውን ሪባን በጥርሳቸው በጠሱት። ቁልፉ ዞረ። ሰማያዊው በር ተከፈተ፣ መብራቱ በራሱ በራ፣ በሩ ተዘጋ።

ሕዝቡ የሚያደርገው ቢጠፋው አጨበጨበ።

«አባዬ፣» አለች ሀሌሉያ በሩን አንኳኩታ፣ «ውሃው እንደተዘጋ ነው እኮ። ሶፍትም አልገባም።»

ከውስጥ የኮት ኪስ ሲበረበር ተሰማ፤ ቀጥሎም ጥሩ ወረቀት ሲቀደድ።

«ዝም በሉ፣» አለች ሣራ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ንግግሩ ተጀምሯል።»